ሁለት ሕፃናት ይዤ አርባ ምንጭ ልሄድ ነው፤ የአጎበሩን ነገር ለእናቴ እንዴት ልንገራት?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ለገና የሦስት ዓመት ወንድ ልጄንና የ14 ወር ሴት ልጄን ይዤ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ አራት ቀን ካረፍን በኋላ ሦስት ሳምንት የምንቆየው እናቴ ቤት፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ነው። እናቴ ልጆቹን እስከ ዛሬ ያየቻቸው በስልክ ብቻ ነው።

የልጆቹ ሐኪም የወባ መከላከያ መድኃኒት፣ የቢጫ ወባ ክትባትና አጎበር እንደሚያስፈልጋቸው ነግረውኛል። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ያደግሁ፣ በልጅነቴም ወባ ደጋግሞ ይዞኝ የዳንሁ ስለሆንሁ ነገሩ ትንሽ የተጋነነ መሰለኝ። ለወንድሜ ብነግረው ደግሞ «እዚህ ያለነው ሰዎች አይደለንም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህ ሁሉ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? የሚያስፈልግ ከሆነስ፣ እናቴን ሳላስቀይም እንዴት ልፈጽመው?

መልስ 1፦ ነርስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ሐኪሙ አላጋነኑም። ወባ በተደጋጋሚ የያዘው ሰው ሰውነቱ ከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል፤ ይሁንና ያ አቅም ወባማ ከሆነው አካባቢ ርቀው በኖሩ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ፣ እርስዎ ራስዎ መድኃኒቱን መውሰድ ይኖርብዎታል። ልጆችዎ ግን ከመነሻውም ይህ አቅም የላቸውም። ወንድምዎ የሚያነጻጽሯቸው እዚያው ካደጉት ልጆች ጋር ነው፤ እነዚያም ቢሆኑ በወባ ይታመማሉ።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ወባ የለባትም፤ አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ያለች፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚዋሰኗት ከተማ ናት። ለሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ማላሮን ሲሆን፣ መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ስለሚወሰን ከመሄድዎ በፊት ልጆቹን ያስመዝኗቸው። ወባማው ቦታ ከመድረስዎ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ይጀመራል፣ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከዚያ ከወጡም በኋላ ሰባት ቀን ይቀጥላል። በእርስዎ ጉዞ መጀመሪያው አክስትዎ ቤት ይሆናል ማለት ነው። ክኒኑ ሲደቅ ስለሚመር ከምግብ ጋር፣ በተለይም ከጣፋጭ ወተት ጋር ይስጧቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው ይደገማል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ቢጫ ወባ» ስለተባለ ብቻ ክትባቱን የወሰደ ልጅ ከወባም የተጠበቀ የሚመስላቸው ወላጆች በየጊዜው ይገጥሙኛል። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ሲሆን፣ ክትባቱ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ወባን ግን አይከላከልም። ከኩፍኝ ክትባት ጋር በአንድ ቀን ካልተሰጠ ቢያንስ የአራት ሳምንት ልዩነት ስለሚያስፈልገው ቀጠሮውን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

መልስ 2፦ አባት (ስቶክሆልም)

የእኛ ጉዞ ወደ ድሬዳዋ ነበር። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳናጓድል ሰጥተን በሰላም ተመለስን፤ በሁለተኛው ወር ግን ሴት ልጄ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አላት። የወሰድናት ጤና ጣቢያ ጉንፋን ነው ብሎ መለሰን። ትኩሳቱ ሲመላለስ፣ ከየት እንደመጣን ራሴው ተናግሬ የደም ምርመራ ስጠይቅ ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘ። ይህኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት የሚቆይ በመሆኑ ማላሮን ሙሉ በሙሉ አይከላከለውም። ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ እስከ ዓመት ድረስም ቢሆን፣ ትኩሳት ቢመጣ «ከኢትዮጵያ ከወባማ ቦታ ነው የመጣነው» የሚለውን ቃል አስቀድሙ፤ እኔ ሐኪሙ እስኪጠይቀኝ መጠበቄ ቀናት አስባክኖኛል።

ሌላው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ድሬዳዋ ላይ በ2022 ወባ ያስፋፋችው ትንኝ ከእስያ የመጣች፣ በከተማ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባ ዓይነት ነበረች። ግቢው ውስጥ ክዳን የሌለው በርሜል ካለ ክደኑት። ይህን ለማድረግ ማንንም ማስቀየም አያስፈልግም።

መልስ 3፦ የአርባ ምንጭ እናት

ልጄ፣ እኔ የምመልስልሽ የሁለተኛውን ጥያቄ ነው። አጎበርን የውጭ አገር ነገር አድርገሽ አትዪው። እኛ ቤት አጎበር የሚገባው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ነው፤ ግድግዳችንም ኬሚካል ይረጫል። እናትሽ የሚከፋት አጎበር ብትሰቅዪ ሳይሆን፣ ከሻንጣሽ አውጥተሽ ዝም ብለሽ ብትሰቅዪና እሷን እንግዳ ብታደርጊያት ነው። «እማዬ፣ ልጆቹ የሚተኙበትን አጎበር አንቺ አዘጋጂልኝ» በያት። ማታ ማታ ጫፉን ከፍራሹ ሥር የምታስገባው እሷ ትሁን፤ ያን ጊዜ አንቺ ብትረሺ እንኳ እሷ አትረሳም።

የምግቡንም ነገር እንዲሁ አድርጊ። ወተቱ ሳይፈላ አይሰጥ፤ ሙዙና ማንጎው እዚያው በፊታችሁ ይላጥ። ጉርሻ አትከልክያት፤ እጇን ትታጠብና ታጉርሳቸው፣ ሚጥሚጣ የሌለበት ይሁን እንጂ። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ጎረቤት ሁሉ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፤ አመስግነሽ ተቀበዪና ልጁን በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ አድርሰሽ ደሙን አስመርምሪ። ጫሞና አባያን በዓይን ብቻ አሳዪያቸው፤ የሐይቁ ዳር ውኃ የብልሃርዚያ ትል ስላለበት እግራቸውን እንኳ አያስገቡ። አዞውን ለእናትሽ ተዪላት፣ እሷ ታስፈራራቸዋለች።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የክትባቱን ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዣለሁ፤ ልጆቹንም ዛሬ አስመዝኛለሁ። ትናንት ማታ ለእናቴ ደውዬ ልክ በተባልኩት ቃል «አጎበሩን አንቺ አዘጋጂልኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ከዚያ አታምጪ፤ ሦስት አለኝ። አንዱ ብቻ ጫጩቶቹን ጭልፊት እንዳይወስዳቸው ተሸፍነውበታል፤ እሱን አጥቤ እሰቅለዋለሁ» አለችኝ። ሁለት አዲስ አጎበሮች ሻንጣዬ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ አንዱ ለጫጩቶቹ ነው እላታለሁ።