ሽንታ ወንዝ ዳር በሚሠራው አፓርታማ ቤት ብገዛ እናቴ ትኖርበት ይሆን?

የማራኪዋ ነርስ (ሰኔ 15)

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ወደ አዘዞ በኩል የምትኖሩ፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ነርስ ነኝ። ማራኪ ሠፈር ከእናቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ናት፤ ትንሽ ጓሮ አላት። አከራያችን በዓመት ሁለቴ ይጨምርብናል። ዘንድሮ ሳውዲ ያለው ወንድሜ «እስከ መቼ በሰው ቤት? እማን ይዘሽ ወደ ራሳችሁ ቤት ግቡ» አለኝ። ቅድመ ክፍያውን እሱ ሊልክ፣ የቀረውን እኔ በደመወዜና በብድር ልከፍል ተስማማን።

ያሰብነው ቤት ወደ አዘዞ ሲወረድ ሽንታ ወንዝ ዳር ከሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች አንዱ ላይ ነው። ጂ+4 ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። ለእኛ የታየን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ወረቀቱ 86 ካሬ ይላል። 40 በመቶ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የቀረው ግንባታው እየታየ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ አየሁት። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ አስገባኝ። ደረጃው ገና መደገፊያ ስለሌለው ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። ሳሎን የሚሆነው ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ውጭ ሳይ እንባዬ መጣ። ወንዙ ከሥር ይታያል። ማዶ ባሕር ዛፍ አለ። ሁለት ልጆች ጥጃ ያጠጣሉ። እናቴ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ታየችኝ።

ከዚያ ወርጄ ወንዙ ዳር ሄድኩ። ውሃው አሁን ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ዳሩ ላይ ያለው ቁጥቋጦ ግን ፌስታል፣ የጨርቅ ቁራጭና የደረቀ ሣር ተሰክቶበታል። ከደረቴ በላይ ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። አንዱን ፌስታል ሳወርደው ውስጡ አሸዋ አለበት። ማን እዚህ ሰቀለው ብዬ ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። ለካ ውሃው ነው። ከቁጥቋጦው እስከ ሕንፃው ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ሻጮቹን ስጠይቃቸው «ክረምት ላይ ትንሽ ይሞላል፣ ግን መከላከያ ግንብ ይሠራለታል» አሉኝ። ግንቡ ሥዕሉ ላይ አለ። መሬት ላይ ገና የለም።

ማታ ለእማ ነገርኳት። እሷ ስለ ወንዙ አልጠየቀችኝም። «ቡናዬን የት ልወቅጥ? በርበሬዬንስ የት ላሰጣ? ከሥሬ ያለችው ሴትዮ ‹በራሴ ላይ ትወቅጫለሽ ወይ› ብትለኝ ምን እላታለሁ?» አለችኝ። ጉልበቷን ያማታል። እድሯም ማራኪ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም።

ደግሞ የውሃው ነገር አለ። አሁን ባለንበት ሠፈር ቧንቧ የሚመጣው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በርሜልና ጀሪካን ሞልተን እንጠብቃለን። እዚያ ላይ ጀሪካን ማን ያወጣልናል? ካርታውንም «በኋላ ለየብቻ ይወጣል» ነው ያሉኝ።

ስለ ዋጋው አልጠይቃችሁም። የምጠይቃችሁ እናቴን እዚያ ልወስዳት ይገባኛል ወይ ብዬ ነው። ያያችሁ፣ የኖራችሁበት፣ የሠራችሁ ንገሩኝ።

ፎርማን ነኝ (ሰኔ 15)

እህቴ፣ ያንን ፌስታል ልብ ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ወንዝ ዳር ሳይት ስንረከብ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው የደረሰበት ልክ ነው። ሠላሳ እርምጃ ሩቅ ነው ቅርብ ነው አትበይ። ዋናው ከፍታው ነው። የሱቆቹ ወለል ከዚያ ፌስታል በላይ ነው ወይስ በታች? በዓይን አይታመንም፤ ተዳፋት ያታልላል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ቀጭን ጎማ ያዢ። ብርሃን የሚያስተላልፈውን። አንዱን ጫፍ አንድ ሰው ቁጥቋጦው ጋ ይያዝ፣ ሌላውን አንቺ ሕንፃው ጋ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ውሃው እኩል ይቆማል። ያኔ ልዩነቱን በሜትር ትለኪያለሽ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ያ ምልክት ደግሞ የመጨረሻው እንዳይመስልሽ። ከላይ ያለው ከተማ ጣራውና አስፋልቱ በበዛ ቁጥር ዝናቡ መሬት መግባቱን ይተዋል። ባንዴ ተግተልትሎ ወንዙ ውስጥ ይወርዳል። ድሮ ቀስ ብሎ ይሞላ የነበረው ወንዝ አሁን ዝናቡ ባባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግልብጥ ብሎ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር አፈሩ ነው። ወደ አዘዞ በኩል ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። እኛ ብላክ ኮተን እንለዋለን። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን ከሥር እያነሳ ያወርደዋል ማለት ነው። የእኔው ቤት አዘዞ ዋልካ ላይ ነው። የጓዳዬ በር ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይለኛል፣ ጥር ላይ ይዘጋል። ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ጣራው ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለው። በጋ ላይ ጣቴ ይገባበታል፣ ክረምት ላይ ምላጭ አይገባም። ስሠራው አቅሜ አልፈቀደምና ጥልቅ አልቆፈርኩም። ፎቅ ላይ ግን እንዲህ አይሠራም። ወይ ዋልካው ወጥቶ ሰሌክት በምንለው በማያብጥ ምርጥ አፈር ይሞላል፣ ወይ መሠረቱ ጠንካራው መሬት ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የአፈር ምርመራ ውጤቱን አሳዩኝ በያቸው። ስንት ቦታ እንደተቆፈረና ስንት ሜትር ላይ ጠንካራ መሬት እንደተገኘ ተጽፎ ይገኛል። ያለው ሰው ለማሳየት አያፍርም።

ሴፕቲክ ታንኩንም ጠይቂ። ወንዙ በሚሞላበት ልክ ውስጥ ከተቀበረ ክረምት ላይ ጎርፉ ይገባበታል። ከዚያ ወደ ላይ ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ የሚያገኘው የምድር ቤቱን መጸዳጃ ነው፣ የቀረው ወደ ወንዙ ይገባል። ከታች ያ ውሃ ከብት ይጠጣዋል፤ ልብስ ይታጠብበታል።

እኔ አንቺን ብሆን ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በጣለበት ቀን እሄዳለሁ። በሰኔ መጀመሪያ ወንዝ ሁሉ ጨዋ ነው።

አራተኛ ፎቅ (ሰኔ 16)

እኔ እዚሁ ጎንደር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። እንደ ስሜ አራተኛ ላይ ነኝ። የባለቤቴ እናት አብራን ናት፣ ስለዚህ የእማን ጥያቄ በደንብ ገባኝ።

ቡና መውቀጡ ይለመዳል። እኛ ከሙቀጫው ሥር ወፍራም ጨርቅ እናነጥፋለን፤ ሰው በሚተኛበት ሰዓት አንወቅጥም። ከሥራችን ያለችው ጎረቤቴ አንድ ቀን መጥታ «ቡናው ሲደርስ ጥሩኝ እንጂ ሙቀጫውስ ግድ የለም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ እህቴ ናት። በርበሬ ግን እውነት ነው፣ ችግር ነው። መንግሥት ያሠራቸው ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ውስጥ ኮሚናል የሚባል ቤት አለ፤ እዚያ ድግስ ይሠራል፣ በግ ይታረዳል። አንቺ የምትገዢው ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ሥዕሉ ላይ አለ? ለቅሶ ቢደርስ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳስ? ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው አውቃለሁ። አባቱ ሲያርፉ ድንኳኑን መኪና መንገድ ላይ ተከለ። ሰው ቆሞ ነው ያስተዛዘነው።

ውሃው እንዲህ ነው። የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ነው፣ ከተማውም ሰፍቷል፣ የመገጭን ግድብ ስንጠብቅ ደግሞ ዕድሜያችን ሄደ። ስለዚህ በፈረቃ ነው የምታገኚው። ፎቅ ላይ ደግሞ ግፊቱ አይደርስም። እኛ ከሥር ታንከር፣ ጣራ ላይ ሮቶ አለን። በመሐል ፓምፕ አለ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቃጠል ደግሞ ገንዘብ እንሰበስባለን። ምድር ያሉት «እኛ ፓምፕ ምን ያደርግልናል» ይላሉ፣ እኛ «ጣራው ሲያፈስስ እናንተን ምን ይነካችኋል» እንላለን። በዚህ ጭቅጭቅ ሦስት ወር ጀሪካን ተሸክመናል። በእያንዳንዱ ፎቅ እያረፍኩ፣ እጄን እየቀያየርኩ። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ስለዚህ እንዳትገዢ አልልሽም። እኔ ከኪራይ ወጥቻለሁ፣ ማንም ውጪ አይለኝም። ግን ለጉልበቷ ስትይ ሦስተኛ አትግዢ። አንደኛ ፎቅ ለምኚ፣ ወንዙም ባይታይ።

ውል ጸሐፊው (ሰኔ 16)

ባጭሩ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ካልተመዘገበ እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። በቢሮአቸው የሚያስፈርሙሽ «የቦታ መያዣ ቅጽ» ቤት አያሰጥሽም። ከመክፈልሽ በፊት የቦታው ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ ባንክ የያዘው ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ከመሬት አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቂ። ቦታው በሊዝ ከሆነ የቀረ የሊዝ ክፍያ አለው ወይ? ለመኖሪያ የተሰጠ ነው ወይስ ለንግድ? በሊዝ አዋጁ የመኖሪያው ዘመን 99 ዓመት ነው፣ የንግዱ ያንሳል።

ወንድምሽ ውጭ ስላለ፣ ቤቱ በእሱ ስም ከሆነ ውክልና ከኤምባሲ ይልካል፤ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል። በማን ስም እንደሚሆን አሁኑኑ ተነጋገሩ። ወንድምና እህት በፍቅር ጀምረው በዚህ ሲኳረፉ ብዙ አይቻለሁ።

ሻጮቹ ይሠራል ያሉሽ ግንብም ከሕግ ጋር ይገናኛል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የአንቺ የግል የሆነው ቤትሽ ነው። መሠረቱ፣ ጣራው፣ ደረጃው፣ ግቢው የጋራ ነው፤ ወጪውም የጋራ ነው። ያ የወንዝ ግንብ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢናድ የምታሠሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ርዝመቱና ከፍታው ውሉ ላይ ይጻፍ። የካሬውንም ነገር አጥሪ። 86 ሲሉሽ የደረጃውን ድርሻ ጨምረው ሊሆን ይችላል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት እንደሆነ ይጻፍልሽ።

የአዘዞ ሰው (ሰኔ 18)

ልጄ፣ እኔ ያደግሁት እዚያው ነው። ልጆች ሳለን ሽንታን እንዋኝበት ነበር፣ ከብቶቻችንንም እናጠጣበት ነበር። አባቶቻችን ግን ክረምቱን ፈርተው ከወንዙ ዳር ጎጆ አይቀልሱም ነበር፤ የእርሻ ቦታ ነበር። አሁን ቤት ፈላጊው በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ይሠራ። እናትሽን ግን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቀን ይዘሻት ሂጂ። ራሷ ትየው።

የማራኪዋ ነርስ (ሐምሌ 27)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያላችሁኝን አድርጌያለሁ።

ትናንት ከሰዓት ከባድ ዝናብ ነበር። ሲያባራ እማን በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ወንዙ ሌላ ወንዝ ሆኖ ጠበቀን። ድምፁ መንገድ ላይ ነው የሚሰማው። ቀለሙ ቡና አተላ ይመስላል፤ ግንድ ተሸክሟል። ያ ቁጥቋጦ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ቆመች። የመከላከያው ግንብ ተጀምሯል፤ ጉድጓዱ ግን ውሃ ሞልቶበት ሥራው ቆሟል።

በጎማው የለካነው ከዚያ በፊት ነው፣ ዘበኛውና እኔ። የሱቁ ወለል ከፌስታሉ በአንድ ሜትር ከአርባ ይበልጣል። ሴፕቲክ ታንኩ የተቀበረው ግን ከፌስታሉ በታች ነው። ይህን ለሻጮቹ ነገርኳቸው፤ አንዱ ልጅ በደብተሩ ጻፈው። የአፈር ምርመራውን «መሐንዲሱ ሲመጣ» ብለውኛል። ሁለቴ ተመልሻለሁ፣ አልመጣም።

እማ ደረጃውን ልይ አለች። አሁን መደገፊያ ተሠርቶለታል። አንድ ሁለት እያለች ወጣች። አንደኛ ፎቅ ስትደርስ 18 አለች። ቁጭ አለች፣ ጉልበቷን አሸች። ከዚያ ከኋላ በኩል፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ ወደ መንገዱ የሚያይ ቤት አለ፣ እሱን አየችው። ኩሽናው ትንሽ በረንዳ አለው። እጇን ዘርግታ ስፋቱን ለካችው። «በርበሬ እዚህ ይሰጣል፣ ፀሐይ በጠዋት ይገባል» አለችኝ። ሦስተኛውን ላሳያት ብል እምቢ አለች።

ወንድሜን ደውዬ ነገርኩት። የአፈሩ ወረቀት እስኪታይና ግንቡ ከመሬት እስኪወጣ ብሩን እንዲይዘው ተስማምተናል። ታንኩንም ካላነሱት አልፈርምም። መስከረም ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ያንን ጎማ ይዤ እመለሳለሁ። ፎርማን፣ ቀን ካለህ አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ቡናውን እማ ታፈላለች።