በውጭ አገር የአስቤዛ ወጪን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ጥያቄ፦
ከአገሬ ከወጣሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አስቤዛ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ በአገሬ ገንዘብ ስለምመነዝረው እደነግጣለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ጠርሙስ ዘይት አንስቼ፣ በስልኬ አስልቼ፣ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ። እንዲህ ቆጥቤም የደመወዜ ሩብ ለምግብ ያልቃል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
በመጀመሪያ መመንዘሩን ቢተዉት ይሻላል። ገቢዎ በሚኖሩበት አገር ገንዘብ እስከሆነ ድረስ፣ የአንድ ዕቃ ውድነት የሚለካው እሱን ለመግዛት ስንት ደቂቃ እንደሠሩ እንጂ አገር ቤት በስንት እንደሚሸጥ አይደለም። ለቤተሰብ ገንዘብ ሲልኩ ምንዛሪው የግድ ይታሰባል፤ እሱ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳሳየው፣ የቤተሰብ ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር ለምግብ የሚውለው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በአነስተኛ ደመወዝ የሚጀምር ሰው ሩቡ ለምግብ ቢሄድበት አባካኝ ነኝ ብሎ ራሱን ሊወቅስ አይገባም።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው፣ በትልቁ ከተጻፈው ዋጋ ይልቅ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን የኪሎ ወይም የሊትር ዋጋ እንዲያነቡ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ መመሪያ ሻጮች ይህን እንዲጽፉ ያስገድዳል። ትልቅ እሽግ ሁልጊዜ ይረክሳል ብዬ ለወራት ስገዛ ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳነብ ባለ 500 ግራሙ ዱቄት በኪሎ ሲሰላ ከባለ 1 ኪሎው ረክሶ አገኘሁት፤ በጣምም ተቆጨሁ። ጎንበስ ማለቱ በራሱ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ውዱ ዕቃ በዓይን ትይዩ ይደረደራልና። መደብሩ በራሱ ስም የሚያሽገው ስኳርና ጨውም ብዙ የማስታወቂያ ወጪ ስለማይጫንበት ረከስ ይላል።

መልስ 3፦
የሚጣለውም ምግብ ወጪ መሆኑ አይዘንጋ። እሽጉ ላይ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጥራት ነው፤ በአግባቡ የተቀመጠ ደረቅ ምግብ ቀኑ ስላለፈ ብቻ አይጣልም። «እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና ስለሆነ፣ በተለይ ሥጋና ዓሣ ላይ ሲያዩት በጥብቅ ያክብሩት።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ዘይቱን ገዝቻለሁ፤ ያን ያስቀመጥኩትን ሳይሆን፣ ከታችኛው መደርደሪያ የሊትር ዋጋው ዝቅ ያለውን።