በቀን አንድ ሮክፊሽ፣ ከ19 እስከ 24 ኢንች፦ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ ላይ፣ በሜሪላንድ ግዛት በኩል፣ ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው በቀን የሚወስደው ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ) አንድ ብቻ ነው። እሱም ከ19 ኢንች ያላነሰ፣ ከ24 ያልበለጠ። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከነካፒቴኑ በሚከራይ ጀልባ (ቻርተር) የሚያጠምዱ ደንበኞችም ሁለት መውሰዳቸው ቀርቶ አንድ ሆኗል። እስቲ ሐሳባችሁን። ስድብ ግን የለም።

የድልድዩ ሥር አጥማጅ፦ እኔ እቃወማለሁ። በጋ ላይ 26 ኢንች ያወጣሁት ዓሣ መንጠቆውን ውጦት ደም በደም ሆኖ ነበር። ሕግ ነውና መለስኩት። ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፈፈ፣ አሞራ በላው። ምግብ መጣል ጡር ነው ተብለን አይደል ያደግነው?

ባዮሎጂ ያነበብኩት፦ ወንድሜ፣ ከዋጠው ክብ መንጠቆ አልተጠቀምክም ማለት ነው። በቁራጭ ዓሣ ሮክፊሽ ለሚያጠምድ እኮ ግዴታ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከአፉ ጥግ ነው። ደግሞ ትልልቆቹ በብዛት ሴቶች ናቸው። አንዷ ትልቅ ሴት በአንድ ወቅት እንቁላል የምትጥለው በሚሊዮን ነው። ከ2019 ጀምሮ በሜሪላንድ ወንዞች የሚቆጠሩት ጫጩቶች በየዓመቱ ከአማካይ በታች ናቸው። እናቶቹን ጨርሰን ምን ልናጠምድ ነው?

የአናፖሊስ ልጅ፦ ለንግድ መረብ የሚጥሉትስ? በ2024 ኮታቸው የተቀነሰው 7 በመቶ ብቻ ነው። እኛ ላይ ነው ጉልበቱ!

ባዮሎጂ ያነበብኩት፦ ቅሬታህ ይገባኛል። ግን ከሚሞተው ሮክፊሽ አብዛኛው የሚሞተው በኛ በመዝናኛ አጥማጆች እጅ ነው። ወደ ቤት የምንወስደው ብቻ አይደለም። ባለሙያዎቹ ከተለቀቀ 100 ዓሣ 9ኙ ይሞታል ብለው ነው የሚያሰሉት።

የሰፈሩ ጋሼ፦ ልጄ፣ አሁን ራስሽ ነገሩን አመጣሽው። 20 አውጥቶ 19ኙን የሚመልስ ሰው በስሌትሽ ሁለት ያህል ገደለ፣ አንዱን ደግሞ ወሰደ። ሕጉ የሚቆጥረው ግን ባልዲውን ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ውሰድ፣ መጠኑ ምንም ይሁን፣ ከዚያ ዘንግህን ጠቅልል እል ነበር።

የአናፖሊስ ልጅ፦ ጋሼ፣ ማን ያምናል? ሁሉም ትልቁን ይዞ «ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» ይላል።

ባዮሎጂ ያነበብኩት፦ እሱ ብቻ አይደለም ጋሼ። የ12 ኢንቿ ሴትም አንዴ እንኳ ሳትራባ ታልቃለች። ሒሳቡ ላይ ግን ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ከኢንቹ ይልቅ የመዝጊያ ወቅቱን፣ ማለትም ማጥመድ የሚከለከልበትን ጊዜ፣ የምደግፈው። ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ የተለቀቀውም ቶሎ ይሞታል። ሜሪላንድ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ጭራሽ ዘግታ በ1990 ነው የከፈተችው። በ1995 ዓሣው አገግሟል ተባለ። መዝጋት ሠርቷል።

የድልድዩ ሥር አጥማጅ፦ አምስት ዓመት ሙሉ? እኔ ለቤተሰብ ነው የማጠምደው፣ ለፎቶ አይደለም።

የአናፖሊስ ልጅ፦ ለቤት ከሆነ ብሉ ካትፊሽ አለልህ። መጤ ነው፣ ገደብ የለውም፣ መንግሥት ራሱ አጥምዱልኝ ይላል።

የድልድዩ ሥር አጥማጅ፦ አምባዛ እኮ ነው! ቅርፊት የለውም። ባለቤቴ ድስቷን አታስነካኝም።

የሰፈሩ ጋሼ፦ እንግዲያው ነጭ ፐርች። ቅርፊት አላት፣ በዘንግ ለሚያጠምድም ገደብ የላትም። ትንሽ ናት፣ አጥንቷም ያስቸግራል።

የድልድዩ ሥር አጥማጅ፦ ለዱለት ትሆናለች ጋሼ?

የሰፈሩ ጋሼ፦ ታግሦ አጥንቷን ለሚለቅም ትሆናለች።