አንድ የአከርካሪ ኮርስ ብቻ ነው አቅሜ፣ የቱን ልውሰድ?

የወረኢሉ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ነኝ፣ 3ኛ ዓመት። ስፖንሰር ያደረገኝ ወሎ ስለሆነ ስጨርስ የምመለሰው ደሴ ነው። አከርካሪ መሥራት እፈልጋለሁ። ያጠራቀምኳት ብር ግን ለአንድ ኮርስ ብቻ ነው የምትበቃው። አንዱ ውጭ አገር ነው፣ በኢንዶስኮፕ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) የአከርካሪ ዲስክ ማውጣት። ሌላው አዲስ አበባ የሚሰጥ መሠረታዊ የአከርካሪ ጉዳት ኮርስ ነው። ጓደኞቼ የውጭውን ውሰድ፣ ሲቪህ ላይ ያምራል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ጃማ በኩል ስሠራ ያየሁት ሰውዬ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ከሾላ ዛፍ ወድቆ፣ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ካደረሱት በኋላ አይሱዙ ላይ ጆንያ መሀል አስተኝተው አመጡት። ሲወድቅ እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር አለች ሚስቱ። እኛ ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱ እንኳ አልንቀሳቀስ አለው።

ከጦሳ ሥር፦
አብሽር ወንድሜ፣ መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ደሴ የሚጠብቅህ ያ ሰውዬ ነው። እኔ ሬዚደንት እያለሁ ተበድሬ ውጭ ሄድኩ። አንድ የልምምድ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሆነን፣ ድሪሉን ሳልይዝ ኮርሱ አለቀ፤ ብድሩን ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከፈልኩ። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት በአንድ ጠረጴዛ ስንት ሰው እንደሚሆን ጠይቅ። የፔዲክል ስክሪው (አከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚገባው ብሎን) ትምህርት ያለው እጅ ላይ ነው። ቀዳዳውን ከከፈትክ በኋላ ጫፉ ድቡልቡል በሆነው መፈተሻ አራቱን ግድግዳና ወለሉን ትዳስሳለህ፣ ወደ ውስጥ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ከለሰለሰብህ ከጀርባው ህብለ ሰረሰሩ ነው ያለው። ይህን በስላይድ አትማረውም። ደግሞ ኮርሱን የሚከፍለው የስክሪው ሻጭ ከሆነ፣ የሚያስተምሩህ ኦፕራሲዮን መቼ እንደማያስፈልግም ይነግሩህ እንደሆነ አጣራ።

ኒውሮ ሬዚደንት፦
እኔም መሠረታዊውን እላለሁ። የአከርካሪ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኤኦ ስፓይንም እኮ መጀመሪያ መሠረታዊ መርሆችን፣ ቀጥሎ ከፍ ያለውን ነው የሚሰጠው። ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ በፈረንጆች ዲሴምበር የሚካሄደው ቢያምርህም ይቆይ። ኤኦ ሰርጀሪ ሪፈረንስ ድረ ገጹ ላይ የአከርካሪ ክፍል አለው፣ በነፃ ነው፣ ከዛሬ ጀምረህ አንብበው። ከሁሉ በፊት ግን የኤሺያ (ASIA) ምርመራ፣ ማለትም የህብለ ሰረሰር ጉዳት መጠን የሚለካበት፣ እጅህ ይግባ፤ በየጎኑ 10 ጡንቻና 28 የስሜት ነጥብ። ፊንጢጣ አካባቢ ያለውን ስሜት ሳትመረምር ጉዳቱ ሙሉ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። እዚያ ስሜት ከተረፈ ጉዳቱ ከፊል ነው፣ ለቤተሰቡ የምትነግረውም ይለወጣል።

ሲስተር ከኮምቦልቻ፦
ዶክተር፣ የአከርካሪ ቲቢውንም አደራ። ኮርሱ ውስጥ ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቅልን። ብዙው በመድኃኒት ይድናል፣ ግን ሕፃን ከሆነ ቲቢው ከዳነ በኋላም ጉብጠቱ አብሮት እያደገ ሊሄድ ይችላል። ጉብጠታቸው የከፋ የአገራችን ልጆች እስከ ጋና፣ አክራ ፎኮስ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ተሠርተዋል። ሌላው፣ ስትመለስ ለጤና ጣቢያ ልጆች በሽተኛ ማንሳት አስተምርልን። አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ እየቆጠረ፣ ሦስቱ ከጎን ሆነው እንደ ግንድ ባንዴ ማዞር። አልጋ ላይ ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አለዚያ የመኝታ ቁስል ይጎዳዋል።

የወረኢሉ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፣ ሁላችሁም። የአዲስ አበባውን ልወስድ ነው። ነገ ጠዋት ደውዬ የጠረጴዛውንም የቲቢውንም እጠይቃቸዋለሁ።