«ካሜራ አያዳላም» ለሚሉን፦ ድሮኑን ወዴት እንደሚልኩት ማን ይወስናል?

የጉማራ ዳር፦
ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ የቀረቡ አንድ ባለሙያ በጣና ዙሪያ ጎርፍ ሲደርስ ጉዳቱን በድሮን ስለመመዝገብ ሲያብራሩ እንዲህ አሉ፦ «ከእንግዲህ ቤት ለቤት መዞር አያስፈልግም። ሰው ያዳላል፤ ካሜራ አያዳላም።» ጋዜጠኛው አመስግኖ ወደ ሌላ ርእስ አለፈ። አንድ ጥያቄ እንኳ አላነሣም።

ፎገራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። በነሐሴ ፎገራን ከላይ የሚያይ ሰው ውሃ ነው የሚያየው። ሩዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ሰብል ነው፤ ገበሬው ራሱ ማሳውን ከትሮ ውሃ ያቁርለታል። ስለዚህ ውሃ የተኛበት ማሳ ሁሉ ተጎድቷል ሊባል አይችልም። ሩዙ የሚሞተው ውሃው ጫፉን ውጦ ሲሰነብትበት ነው፤ አለዚያም የርብ ወንዝ ሞልቶ ደለሉን ሲያለብሰው። ውሃው ከሸሸ በኋላ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል ማሳ ፍሬ ሳይቋጥር ሊቀር ይችላል። ይህን የሚለየው በማሳው ዳር የቆመው ገበሬ ነው። እርሱን ሳይጠይቁ የጉዳት መዝገብ መጻፍ በወገኔ ላይ የሚፈጸም በደል ነው እላለሁ።

ቀያሹ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። «ቤት ለቤት መዞር አያስፈልግም» ያሉት ስሕተት ስለሆነ በዚህ አልከራከርህም። «ካሜራ አያዳላም» ያሉትን ግን እደግፋለሁ፤ ሙያዬም ስለሆነ ነው።

በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ የተጥለቀለቁትን ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2012 ክረምትም ፎገራ እንደገና በውሃ ተዋጠ። መንገድ ሲቆረጥ ከወረዳ የሚላክ መዝጋቢ የሚደርሰው ውሃው ከሸሸ በኋላ ነው። እስከዚያ ዝርዝሩን የሚይዘው ቀበሌ ነው። በዝርዝሩ ላይ የማን ዘመድ ቀድሞ እንደሚጻፍ እዚህ የምንጽፍ ሰዎች እናውቃለን።

አንድ አነስተኛ ድሮን በአንድ ባትሪ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይበራል። ፎቶዎቹ እርስ በርሳቸው ከ70 እስከ 80 በመቶ እየተደራረቡ ይነሣሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ገጣጥሞ ልኬቱ የተስተካከለ ካርታ ያወጣል። ካርታው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ደረጃ ጥርት ያለ ነው። የወደቀ ግድግዳ፣ የተቆረጠ መንገድ፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታወቃል። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታም አብሮ ስለሚገኝ ውሃው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ይቻላል። ይህን የቀበሌው ሊቀ መንበር በእስክሪብቶ ሊለውጠው አይችልም።

መምህርት ከሽንብጥ፦
ካሜራ አያዳላም እንበል። ካሜራውን ወዴት እንደሚልኩት የሚወስነው ማን ነው? ባትሪው 40 ደቂቃ ቢቆይ ነው ብለህ አንተው ነገርኸን። የሚያበረው ሰው መኪና በሚደርስበት ቦታ ቆሞ ነው የሚያበረው። እንግዲህ ከወረታ አስፋልት ግራና ቀኝ ያለው ሰፈር ጥርት ብሎ ይነሣል፤ በሐይቁ በኩል ያሉት ናበጋና ዋገጠራ «ገና አልደረስንባቸውም» ይባላሉ። አድልዎው ከቀበሌው ቢሮ ወጥቶ ወደ በረራ ዕቅዱ ገባ እንጂ የት ጠፋ?

ቤቶቻችንስ? በጣና ዳርም በባሕር ዳር ዳርቻ ሰፈሮችም ብዙው ቤት የጭቃ ቤት ነው። ጎርፍ ሲገባበት ጣሪያው አይነካም። ምርጊቱ ከሥር ረጥቦ ይፈረፈራል፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ውሃው ከሄደ ከቀናት በኋላ ይናዳል። ከላይ የሚታየው ግን ደህና ቆርቆሮ ነው። በከተማችን ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ተከራይ ቤተሰብ ይኖራል። ከሰማይ የሚቆጠረው አንድ ቤት ነው። እህሏና ፍራሿ በውሃ የተበላሸባት ተከራይ በዚያ ካርታ ላይ የለችም። ለእርሷ ይህ አድልዎ አይደለምን?

ቀያሹ፦
ስለ ተከራዮቹ ያልሽው እውነት ነው፤ እዚያ ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው። ስለ አድልዎው ግን አልስማማም። ድሮኑ የበረረበት መስመር በጂፒኤስ ተመዝግቦ ይቀራል። ናበጋ ካልተነሣ አለመነሣቱ ይታያል። ሊቀ መንበሩ ሳይጽፈው የቀረ ሰው ግን ምንም ምልክት አይተውም። የእኔ ክርክር ይህ ነው።

መምህርት ከሽንብጥ፦
«ይታያል» አልህ። ለማን? ፋይሉ ያለው በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የናበጋ ገበሬ ሰፈሩ እንዳልተነሣ በምን ያውቃል?

ቀያሹ፦
ቅሬታ ሲያቀርብ ይታይለታል።

መምህርት ከሽንብጥ፦
ምን እንደተጻፈበት የማያውቅ ሰው በምን ላይ ቅሬታ ያቀርባል?

የደምቢያ ልጅ፦
ሁልጊዜ ፎገራ! ጎርፍ በተነሣ ቁጥር ጋዜጠኛውም ባለሙያውም ወደ ወረታ ይሮጣል፤ ምክንያቱም ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የመገጭ ወንዝ ሲሞላ በደምቢያ ሜዳ ያለው ሰው ምን ይሁን? ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። አራት ናቸው፤ እናንተ የምታነሡት ሁለቱን ብቻ ነው። መምህርት ስለ አስፋልቱ ያለችው በእኛ ላይ ይብሳል። ቆላድባ ላይ ቆሞ ድሮን ያስነሣ ሰው ሐይቁ ዳር ያለውን መንደር አየሁ ሊል አይችልም።

የጉማራ ዳር፦
ወንድሜ ደምቢያ፣ ፎገራን ያነሣሁት አገሬ ስለሆነ ነው፤ ደምቢያን ለመርሳት አይደለም። የአንተን አንተ ንገረን።

አባይ ማዶ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁትን ልናገር። በዚህ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት አለ። በድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጭምር በመግለጫዎቹ አውጥቷል። እናቶች ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ይዘው በሚሸሹበት አገር፣ ቤቱ በውሃ በተዋጠበት ሰው አናት ላይ ሌላ ድሮን ታመጣላችሁ? ትንሽና ነጭ ነው፣ ካሜራ ብቻ ነው የያዘው ብላችሁ ለማን ታስረዳላችሁ? በታንኳ ላይ ያለ ሰው ደንግጦ ቢነሣ ታንኳው ይገለበጣል። እኔ ስለ ባትሪና ስለ ሴንቲ ሜትር መስማት የምፈልገው ይህ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ቀያሹ፦
ይህን አላቃልለውም። አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በዕድር በኩል ሳይነገር መብረር የለበትም። ቀኑና ሰዓቱ ታውቆ፣ የሚያበረው ሰው በሕዝቡ መካከል ቆሞ፣ ስክሪኑን እያሳየ ነው መሆን ያለበት። በ2011 ዓ.ም. አይዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ሞዛምቢክን ሲመታ የዚያ አገር አደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ሆኖ በድሮን ጉዳቱን መዝግቧል። ማላዊም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒሴፍ ጋር ለዚህ ዓይነት በረራ የተለየ የአየር ክልል ከፍታለች። ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሠሩትን እኛ ለምን እንፈራለን?

አባይ ማዶ፦
ማላዊ ላይ ማን ቦምብ ጣለ? አገሮቹን ስታነጻጽር ይህን ጨምርበት። የ2007ቱ የኔፓል የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜም ከውጭ የመጡ ቡድኖች ድሮን ማብረር ሲያበዙ መንግሥት ያለ ፈቃድ እንዳይበር ከልክሏል። የሕዝብ ስጋት በሌሎች አገሮችም ሚዛን ላይ ይገባል።

የጂኦግራፊ ተማሪ፦
ታዲያ ሳተላይት አለ። ድምፅ የለው፣ ማንንም አያስደነግጥ። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 የራሷን ሳተላይት አምጥቃለች።

ቀያሹ፦
የእኛዋ የተሠራችው በ13.75 ሜትር ዝርዝር እንድታነሣ ነው፤ በፎቶው ላይ አንዷ ነጥብ ያን ያህል መሬት ትይዛለች፤ አንድ ጎጆ በዚያ ውስጥ አይለይም። በክረምት ደግሞ ደመናው አያሳያትም። ደመና ዘልቆ የሚያየው የአውሮፓውያኑ ራዳር ሳተላይት የውሃውን ስፋት ያሳያል፤ ያውም ጠቃሚ ነው። ግን የሩዙን ውሃ ከጎርፉ ውሃ ለመለየት ያው ችግር አለበት። የየሰፈሩን ጉዳት ለማወቅ ዝቅ ማለት ግድ ነው።

በጎ ፈቃደኛ፦
ስለ ምዝገባና ስለ እርዳታ ብቻ ማውራታችሁ አሳዘነኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ መሬት ሲንሸራተት ምን እንደሆነ አስታውሱ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት ጎረቤት ሁሉ በእጁና በዶማ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሮጡ ነበሩ። ከመቆፈሩ በፊት ገደሉን ከላይ የሚያይ አንድ ዓይን ቢኖር፣ ስንጥቁ ቢታይ፣ «ቆይ» የሚል ቢገኝ! እኔ ድሮን የምፈልገው ለዚህ ነው። በርብ ወንዝ ዳር የተሠራው የአፈር ክትር የት ሊሸነቆር እንደሆነ ሌሊት ከመምጣቱ በፊት ማወቅ የሰው ነፍስ ያድናል። መዝገቡን ኋላ ተከራከሩበት።

መምህርት ከሽንብጥ፦
ይህን የሚቃወም የለም። ነፍስ ለማዳን ይብረር። የምንከራከረው ግን ባለሙያው ስለተናገሩት ነው፤ እርሳቸው ያሉት ቤት ለቤት መዞር ይቅር ነው።

ዘንዘልማ፦
የእኔን ስጋት ያነሣ ሰው የለም። እኛ የምንኖረው ሰዎች የጨረቃ ቤት በሚሉት ነው። የይዞታ ካርታ የለንም፤ ልጆች ግን ወልደንበታል። ጎርፍ ሲመጣ ለእርዳታ ብላችሁ እያንዳንዱን ጣሪያ ከነቦታው ታነሣላችሁ። በማግስቱ ያ ፎቶ ወደ የትኛው ቢሮ ይሄዳል? በጥር መጥቶ የሚያፈርሰን ሰው በእጁ የሚይዘው እርሱን ቢሆንስ? ቤት ለቤት የሚዞር መዝጋቢ ቢያንስ ፊት ለፊት ያየኛል፤ ስሜን ልስጥ ወይም አልስጥ እኔ እወስናለሁ። ካሜራው አያዳላም ማለት ለእኔ ማንንም አያስቀርም ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ያስፈራኛል።

ቀያሹ፦
ፎቶው ለተነሣበት ጉዳይ ብቻ እንዲውል በጽሑፍ ስምምነት ይደረጋል።

ዘንዘልማ፦
ስምምነቱን ከማን ጋር? እኔ አልፈርምም፤ የሚጠይቀኝም የለም።

አባይ ማዶ፦
ለመሆኑ የዚህ ጎርፍ ግማሹ ተፈጥሮ ነው ያለው ማን ነው? ጨረጨራ ላይ የአባይን መውጫ በበር ከተቆጣጠሩት ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ በሰው እጅ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ሲያዝ ርብና ጉማራ መግቢያ ያጣሉ፤ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ድሮን ከመግዛት በፊት የበሩ አከፋፈት ይመርመር።

የጂኦግራፊ ተማሪ፦
ከግንቦት 2002 ጀምሮ በበለስ ዋሻ የሐይቁ ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫ እየወጣ ነው እኮ። አንድ ጊዜ ጣና ደረቀ፣ አንድ ጊዜ ሞላ ትሉናላችሁ። ርብ የሚሞላው ከላይ አፈር እየታጠበ ወለሉ በደለል ከፍ ስላለ ነው።

አባይ ማዶ፦
በጥር ሲደርቅ በነሐሴ አይሞላም ያለህ አለ? በሩን የሚይዘው ሰው ለሁለቱም ወቅት ተጠያቂ ነው።

የደምቢያ ልጅ፦
ለደምቢያ ሰው ጨረጨራም በለስም መብራት እንጂ ምን አመጣለት? እሱም ከመጣለት።

የጉማራ ዳር፦
እባካችሁ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። አንድ ሐሳብ አለኝ። የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ምዝገባ ሲካሄድ ከላይ የተነሣ ፎቶ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ገበሬው ድንበሩን በጣቱ እያሳየ ተሰመረለት። ያልተማረ ሽማግሌ እንኳ ዋርካውንና ቦዩን አይቶ ማሳውን ይለያል። የጎርፉም ፎቶ እንዲሁ ይታተም። በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገበሬው መጥቶ «ይህ ውሃ የሩዜ ነው፤ ይህኛው ግን ገድሎብኛል» ይበል። ጎረቤቱም ይስማ። ያን ጊዜ ካሜራውም ሊቀ መንበሩም በሕዝብ ፊት ይሆናሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ይህን ሥራ የሚችሉ ልጆች ከዚያ ይወጣሉ።

ቀያሹ፦
በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ማተሚያው ውድ አይደለም። ቤት ለቤት የሚዞረውም ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ ይሂድ።

ዘንዘልማ፦
ሰሌዳ ላይ? ቤቴን ከነአጥሩ በአደባባይ ልትለጥፉት?

የጉማራ ዳር፦
ያልተለጠፈ ዝርዝር በማን እጅ እንደሚቀር ታውቃለህ። በአባቴ ዘመንም በእኔ ዘመንም በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ነው ስማችን የጠፋው። ይለጠፍ።

ዘንዘልማ፦
አንተ የመሬት ደብተር አለህ፤ ቢለጠፍ መብትህ ይጸናል። እኔ ስለጠፍ እፈርሳለሁ። የአንተ ማሳ ይለጠፍ፣ የእኔ ቤት ግን አይለጠፍ።

መምህርት ከሽንብጥ፦
ማሳው በሰሌዳ፣ ቤቱ ለባለቤቱ ብቻ ቢሆንስ?

ቀያሹ፦
ፎቶው አንድ ነው። ማሳና ቤት አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ የትኛውን ቆርጬ የትኛውን ላትም?

ዘንዘልማ፦
እንግዲያው ይህን ሳትመልሱ በእኛ ሰፈር ላይ አታብሩ።

የጉማራ ዳር፦
ውሃው እስክትስማሙ አይጠብቅም። ክረምቱ ሳይገባ ይወሰን፤ እኔ እንዲለጠፍ ነው የምጠይቀው።