ከሥሩ «24» እና «ፍራንስ» ብቻ የሚል ድስት፦ የማን ሥራ ነው? ልኩስ ስንት ነው?

ጥያቄ (ባለ ድስቷ)
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ድስት የምታውቁ እስቲ ተባበሩኝ። ሦስት ከባድ ዕቃዎች ከዘመድ ደርሰውኛል፣ ሁሉም ኢናሜል (መስታወታም ልባስ) የተቀባ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት ናቸው። አንዱ ክብ ብርቱካናማ ድስት ነው። ቂጡ ላይ «24» እና «ፍራንስ» ይላል፣ ክዳኑ ውስጥም 24 አለ፣ የፋብሪካ ስም ግን የለም። ቂጡን ስለካው ደግሞ ወደ 20 ሴንቲ ነው የሚመጣው፣ ታዲያ 24ቱ የምን ነው? ሁለተኛው ሞላላ ነው፤ «ኤፍ» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ቤልጂየም የሚል ጽሑፍና የማይነበብ ቁጥር አለው። ሦስተኛው መጥበሻ ነው፣ እጀታው ላይ «8» ብቻ። ብርቱካናማውን ልሸጠው አስቤያለሁ፣ ስሙን ሳላውቅ ደግሞ ምን ብዬ ልሽጠው?

መልስ (ማጀት)
እህቴ፣ በፈረንሳይ ድስቶች ላይ ያለው ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የአፉ ስፋት ነው፣ በሴንቲሜትር። የሚለካው ከአፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው፣ ጆሮዎቹ አይቆጠሩም። ድስቱ ወደ ታች ስለሚጠብ ቂጡ 20 ቢመጣ አይግረምሽ። ሞላላ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ የረጅሙ ጎን ነው።

ስንት እንደሚይዝ ማወቅ ከፈለግሽ ልኩ የታወቀ የሊትር ጆግ ያዢና እየቆጠርሽ እስከ አፉ ውሃ ሙዪው። ሌ ክሩዜ በሚባለው የታወቀ የፈረንሳይ ድስት ሠሪ ልክ ክቡ 24 ወደ 4.2 ሊትር፣ 26 ወደ 5.3፣ 28 ወደ 6.7 ይይዛል። በሁለት ሴንቲ ልዩነት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጨምራል፣ ስለዚህ «ትልቅ ድስት» ብሎ መሸጥ አያዋጣም፣ ቁጥሩን ጻፊ።

መልስ (ብረታም)
ብርቱካናማ፣ ፈረንሳይ፣ 24። ሌ ክሩዜ ነው በቃ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1925 ፈረንሳይ ውስጥ ፍሬኖዋ ለ ግራን ላይ ሲጀምር የታወቀበት ቀለም ይሄው ብርቱካናማው ነው። ምን ያጠራጥራል?

መልስ (አሮጌ ዕቃ ወዳዱ)
ብረታም ወንድሜ፣ ቀስ በል። ብርቱካናማ ድስት ሌሎችም ሠርተዋል። ኩዛንስ የሚባለው የፈረንሳይ ብረት ማቅለጫ እ.ኤ.አ. ከ1553 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ሌ ክሩዜ የገዛው በ1957 ነው፣ ከዚያም በኋላ ዕቃው በኩዛንስ ስም ለዓመታት ሲወጣ ነበር። እሱም በሴንቲ ነው የሚቆጥረው። «ፍራንስ» የሚለው ቃል የሚነግርሽ አገሩን እንጂ ሠሪውን አይደለም።

መጀመሪያ ግን ስሙ በእርግጥ አለመኖሩን አጣሪ። የድሮ ኢናሜል ወፍራም ስለሆነ ፊደሉ ይዋጣል። ቂጡን በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እሺው፣ የብረት መፋቂያ አታስነኪው። ሲደርቅ ክፍሉን አጨልሚና የስልክሽን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ቂጡን እየታከከ እንዲያልፍ አድርጊ፤ ትንሽ ከፍ ያለ ፊደል ሁሉ ጥላ ይጥላል። ካልሆነ ስስ ወረቀት አስደግፊና እርሳሱን አጋድመሽ አሺው። የሞላላው ቁጥርም በዚህ ይወጣልሻል። ከቁጥሩ ራቅ ብሎ ብቻውን የተቀመጠ ትንሽ አሃዝ ካገኘሽ ልክ ነው ብለሽ አትቁጠሪው፣ ብዙ ጊዜ የቅርጽ ማውጫው ምልክት ነው።

ሞላላው ዴስኮዌር የሚባለው የድስት ዓይነት ይመስለኛል። ኤፍና ኢ ያለበት የቤልጂየም ዕቃ እሱ ነው። ስሙ የመጣው ወደ አሜሪካ ካስመጣው ከዴቪድ ኢ. ሳንፎርድ ኩባንያ ነው፣ ታዋቂዋ አሜሪካዊት የምግብ ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድም ትሠራበት ነበር። የእሱን ቁጥር ግን ሴንቲ ነው ብለሽ አትመኚው፣ ሜትር አምጥተሽ ለኪ።

መልስ (እሳት ዳር)
ስለ መጥበሻው ልጨምር። እጀታው ላይ ያለው 8 ሴንቲም ኢንችም አይደለም። እንደ ግሪስወልድ ያሉት የድሮ አሜሪካ ሠሪዎች ቁጥር የሚሰጡት በእንጨት ምድጃው ቀዳዳ ልክ ነበር። ቁጥር 8 መጥበሻ አፉ ላይ 26 ወይም 27 ሴንቲ አካባቢ ይመጣል። 8 ብቻውን ግን ሠሪውን አይናገርም፣ ያን ቁጥር ያልተጠቀመ አልነበረም።

ከስሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውስጡ ነው። ጥፍርሽን በውስጠኛው ኢናሜል ላይ አንሸራትቺ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አይተሽ ጥፍርሽ ግን ካልተያዘ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የመጣ ነው፣ ብዙም አያስጨንቅም። ከተያዘ፣ ወይም ጥቁር ብረት ከታየ፣ አታብስዪበት። ኢናሜል መስታወት ማለት ነው፣ አንዴ መላጥ ከጀመረ ስብርባሪው ወጥሽ ውስጥ ይገባል። አፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው እንደዚያው ነው፣ አድርቀሽ ዘይት ቀቢው።

ሌላው፣ በድሮ ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ኢናሜል ውስጥ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ይገባ ነበር። ምግብ የማይነካው ውጪ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ውስጡም ባለቀለም ከሆነና ካረጀ ግን ለጌጥ ይቀመጥ።

ባለ ድስቷ
ኧረ ተባረኩ! በመብራቱ አየሁት፣ በብርቱካናማው ላይ ከቁጥሩ በላይ የተዋጡ ፊደላት አሉ፣ በእርሳስ ሳወጣቸው በ«ኩ» ድምፅ ይጀምራሉ፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ይታያል። ውሃውም ከ4 ሊትር ትንሽ አለፈ። የሞላላው ውስጥ አንድ ቦታ ጥፍሬን ያዘው።

አሮጌ ዕቃ ወዳዱ
እንግዲህ ኩዛንስ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ኩዛንስ፣ ክብ፣ 24 ሴንቲ፣ ከ4 ሊትር በላይ የሚይዝ» በይ፣ የቂጡንና የውስጡን ፎቶ አያይዢ። ሞላላውን አትሽጪው፣ ከሸጥሽም የተላጠበትን ቦታ በቅርብ አንስተሽ አሳዪ።

ብረታም
እሺ፣ ተሸነፍኩ። የክዳኑ መያዣ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ግን ለገዢው ንገሪ፦ የድሮዎቹ ኦቨን ውስጥ የሚችሉት እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ብቻ ነው። በብሎን ስለሚያዝ በብረት መቀየር ይቻላል።