ያረጀ ልብስና ጨርቅ፦ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ለወረዳው የምናስገባው ሐሳብ

ብሎክ 3፦ ረቂቁን ልጀምረው። የቆሻሻ ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር እየከፈልን ነው። ስለዚህ ያረጀ ልብስ፣ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሁሉንም ቆሻሻ ሰብሳቢው ማህበር ይረከበን። አለቀ።

ብሎክ 8፦ ኧረ አላለቀም! የሚለበሰውን ልዋጮች ይወስዱታል። ሱሪና ሹራብ ሰጥቶ ሳፋ የሚቀበለውን ሰው፣ ለማህበሩ በነፃ ስጥ ብትለው እሺ ይልሃል? ለልዋጮቹም እንጀራቸው ነው፣ አትንኳቸው። የቸገረን ልዋጩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ይሄስ አይሆነኝም እትዬ» ብሎ የሚመልሰው ነው። ብብቱ የተተረተረ ቲሸርት፣ ጉልበቱ የሳሳ ፒጃማ፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ። እሱ ገንዳ ይገባል፣ ከገንዳ ቆሼ።

ብሎክ 3፦ ልክ ነዎት። ልዋጮችን ከረቂቁ አውጥቻለሁ።

ብሎክ 5፦ እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ጨርቅ እንገዛለን፣ ግን ጥጥ ብቻ። ፖሊስተር እንደ ጥጥ አይመጥምልንም። ቁልፍና ዚፑም ካልተነቀለ የመኪና ቀለም ይጭራል። ከሁሉ የባሰው እርጥበት ነው፣ አንዴ ከሻገተ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ሁለት ማዳበሪያ ይቀመጥ፣ አንዱ ለጥጥ አንዱ ለሌላው፣ ቦታውም ኮሚናሉ (የጋራ ቤታችን) ውስጥ ይሁን እንጂ ክረምት እየመጣ ደጅ ላይ እንዳታስቀምጡት።

ብሎክ 8፦ ጎበዝ! አንሶላና የትራስ ልብስ ግን ለብቻ ይያዝልን። ፌስታል በ2017 አዋጅ ከታገደ ወዲህ የጨርቅ ቦርሳ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ልብስ ሰፊ ደግሞ እዚሁ ግቢ አለን።

ብሎክ 11፦ ይቅርታ፣ ግን ለዪው እኛ፣ ከፋዩም እኛ? አስመጪውና ፋብሪካውስ? ፈረንሳይ አገር ልብስ ለገበያ የሚያቀርበው ድርጅት ለመሰብሰቢያና ለመለያው ወጪ ያዋጣል፣ በሕግ። በአውሮፓ ኅብረትም ከፈረንጆቹ 2025 መግቢያ ጀምሮ ጨርቅ ለብቻ መሰብሰብ ግዴታ ሆኗል። የኛ የነዋሪዎች ማህበርም ይህን ይጠይቅ።

ብሎክ 3፦ ወረዳ አስመጪን ምን ያደርገዋል? ለከተማው ግልባጭ ይደረግ ብዬ አንድ አንቀጽ ጨምሬበታለሁ፣ ከዚያ በላይ ከጎተትነው ዋናው ጥያቄያችን ይጠፋል። አሁን ያለው እንዲህ ይላል፦ «ነዋሪው የማይለበሰውን ጨርቅ ደረቁን ለይቶ በኮሚናሉ ያስቀምጣል። ሰብሳቢው ማህበር በወር አንድ ቀን፣ ከሌላ ቆሻሻ ሳይቀላቅል ይወስዳል። ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ የሰብሳቢው ማህበር ይሆናል።»

ብሎክ 11፦ ገቢው ለምን የእነሱ?

ብሎክ 5፦ ትርፍ ከሌለው ማን ይሸከመዋል ወንድሜ? ደግሞ ብዙ ብር አይምሰልህ። እኔ ፈርሜያለሁ። ፍራሽስ?

ብሎክ 3፦ ፍራሽን ተዉት፣ እሱ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል።